ልጄን የነከሰውን ውሻ ጎረቤቴ ኩታበር አሻገረብኝ

እኛ የደሴ ሰዎች ይሉኝታችን አያድርስ ነው። የጎረቤት ውሻ ለሱብሂ የሚወጣውን ሰው ሁሉ እያሳደደ፣ ባለቤቱን «እሰር» ከማለት ዱላ ይዞ መውጣት ይቀለናል። ሆጤ ያለው የእኛ ሰፈርም እንደዚሁ ሲቻቻል ከረመ፤ ቦቢ የሚባለው ውሻ ዳቦ ሊገዛ የወጣውን ልጄን ባቱን እስኪዘነጥለው።

ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጠብነው፣ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፣ ክትባቱን በዕለቱ ጀመረ። ድሮ ሆድ ላይ ይወጋ ነበር፤ ልጄ ግን ክንዱ ላይ ነው የተወጋው። «ቅጠል እናድርግበት» ያሉ ዘመዶች ነበሩ፤ አልሰማኋቸውም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ያንገበገበኝ የውሻው ጉዳይ ነው። የነከሰ ውሻ 10 ቀን ታስሮ ይታያል። በሽታው በምራቁ ይተላለፍ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ይታመማል ወይም ይሞታል፤ ደህና ከሆነ ልጁ ቀሪውን መርፌ ሊተው ይችላል። ይህንን ይዤ ባለቤቱ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ 10 ቀን ብቻ እሰሩልኝ። የክትባት ካርዱንም ያሳዩኝ።»

«አብሽር! ቦቢ እኮ ሰው አይነክስም» አሉኝ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ በፋሻ የተጠቀለለ እግሩን ያያል! ካርድ የሚባል ነገር አልነበረም።

ቀበሌ ሄድኩ። «ውሻውን ይዘህ ና» ተባልኩ። የእኔ አይደለም ስል «እንግዲያው ባለቤቱን ይዘህ ና»። የእንስሳት ሐኪሙ ደግሞ ያለ ቀበሌ ደብዳቤ አልንቀሳቀስም አለ፤ ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። አንዱ ሹም ጭራሽ «ካስቸገረ መርዝ እናስቀምጥለታለን» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ተመርዞ ገደል የተጣለ ውሻ አብዶ ይሁን ጤነኛ ማን ይነግረኛል? ማኅተሙ ሲገኝ ሐኪሙን ይዤ መጣሁ፤ ሰንሰለቱ በቆርቆሮው በር ሥር ባዶውን ተጋድሟል። ቦቢ ሌሊቱን በአይሱዙ ኩታበር፣ ዘመድ ቤት ተልኳል። «ጠፋ» አሉኝ፤ ሠራተኛቸው ናት እውነቱን የነገረችኝ። ልጄ መርፌውን እስከ መጨረሻው ተወጋ፤ እዚያ ያለ ሰው ቢነከስስ ማን ይጠየቃል?

«መጀመሪያ ቀበሌ» ቢሏችሁ አትስሙ። ክትባቱን አስጀምሩ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ አስመዝግቡ፣ ቀበሌው ይደርሳል። ውሻውን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ሁለት ጎረቤት ባለበት አሳስሩና ባለቤቱን አስፈርሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2071 ጠቅሱላቸው፤ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። እንስሳው ከእጁ አምልጦ እንኳ ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱ ይጠየቃል። ጋሼ «ሰንሰለቱን በጥሶ ነው» ሲሉ የከረሙት በዚህ ቁጥር ዝም አሉ።

ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም፤ መጣም። እርቁን አልጠላሁም፣ የሰፈር ሰው ነን። ግን ቡና ተጠጥቶ፣ ተመራርቆ ብቻ የሚያልቀውን እንቢ አልኩ። የመመላለሻውንና የሕክምናውን ወጪ ሊከፍሉ፣ ሌላ ውሻ ቢያመጡ በየዓመቱ ሊያስከትቡና ቀን ቀን ሊያስሩ ተጽፎ ተፈረመ። አንዱ ሽማግሌ «በወረቀት ጎረቤትነት አለ እንዴ?» ብለው ተቀየሙኝ። ይቀየሙ።

ሰሞኑን ከግቢያቸው የቡችላ ድምፅ ሰማሁና ካርዱን ጠየቅኳቸው። ነገ አሳይሃለሁ ብለውኛል።