የልጆቼን የጀርመን ዘር ስቆጥር

በእኔ በኩል ለልጆቼ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር እችላለሁ። አባቴ በልጅነቴ አስጠንቶኛል። በአባታቸው በኩል ግን ቆጠራው ብዙም ሳይሄድ ቀጥ ይላል። ስለ አንድ የዘር አባታቸው «ከጀርመን መጥቶ ሚኒሶታ ላይ እርሻ ያዘ» ይባላል፣ አለቀ። ባለቤቴን ስጠይቀው ትከሻውን ይሰብቃል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ ጀርመን ብቻ ተብሎ ፍለጋ እንደማይጀመር ነው። የድሮው የልደትና የጋብቻ መዝገብ ያለው በየአጥቢያው ነው። መንደሩን ካላወቃችሁ እጃችሁ ባዶ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ መንደር አይጽፍም። የእኛን ሰውዬ አንዱ ቆጠራ ሃኖቨር፣ ሌላው ፕሩሺያ፣ የ1900ው ደግሞ ጀርመን ተወለደ ይለዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው። የተወለደው በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ ሆላንድን በሚያዋስነው ኦስትፍሪዝላንድ ነው። አገሩ ከ1815 ጀምሮ የሃኖቨር መንግሥት ግዛት ነበር። በ1866 ሌላዋ የጀርመኖች መንግሥት ፕሩሺያ ጠቀለለችው፤ በ1871 ደግሞ የጀርመን ግዛት ተመሠረተ።

በመርከብ በኩልም ሞክሬያለሁ። ከብሬመን ወደብ የተነሱት መንገደኞች ዝርዝር አብዛኛው የለም። ቦታ ጠበበን ብለው ራሳቸው ያስወገዱት አለ፤ በጦርነት የጠፋም አለ። የሃምቡርጉ ከ1850 ጀምሮ ተርፏል፣ የእኛ ሰው ግን እዚያ ላይ የለም። ዲኤንኤ ስናስመረምር «ሰሜን ምዕራብ አውሮፓ» የሚል መልስ መጣ። ይህንንማ ባለቤቴን አይቶ ማንም ይገምተዋል።

ነገሩ የተፈታው የኦስትፍሪዝላንድ ተወላጆች ልጆችና የልጅ ልጆች ያቋቋሙት የዘር ሐረግ ማኅበር ውስጥ ስገባ ነው። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው፣ ሥራውን የሚሠሩትም በነፃ። ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቁት እናት የሰውየውን ስም እንኳን ሳይሰሙ «ቤተ ክርስቲያናቸው የት ነበር?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ስደተኞቹ በየገጠሩ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሲተክሉ ፓስተሮቹ መዝገቡን በጀርመንኛ ይጽፉ ነበር። ብዙዎቹ የሟቹን የትውልድ መንደር ጭምር ያሰፍራሉ። የእኛም ሰው የቀብር መዝገብ ላይ፣ በዚያ ኩረንት በሚባለው አሮጌ የእጅ ጽሑፍ፣ አውሪክ ከተማ አጠገብ ያለች መንደር ተጽፋ ተገኘች። ጽሑፉን ያነበቡልኝ እሳቸው ናቸው። ለእኔማ የመጋዝ ጥርስ ነው የሚመስለኝ።

መንደሯ ከታወቀች በኋላ መንገዱ ቀለለ። ጀርመኖች ኦርትስዚፐንቡኽ የሚሉት መጽሐፍ አላቸው። አንድ ሰው የአንድን አጥቢያ የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ለዓመታት ይለቅምና ሁሉንም ቤተሰብ ቁጥር ሰጥቶ ያያይዘዋል። የኦስትፍሪዝላንዱን በብዛት ያሳተመው አውሪክ ያለው ኡፕስታልስቦም የተባለው ማኅበር ነው።

ከመጽሐፉ ጋር ደግሞ የስም ጣጣ መጣ። ከእኔ በፊት ፍለጋውን የጀመረ የባለቤቴ ዘመድ ነበር፤ የአባትና የልጅ ስም አልገጥም ብሎት የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው ብሎ ትቶታል። እኔ ገጹን አይቼ ሳቅሁ። የድሮ ኦስትፍሪዞች እንደ እኛው በአባት ስም ነበር የሚጠሩት! የጃን ልጅ ሂንሪክ፣ ሂንሪክ ጃንሰን ይባላል። የእሱ ልጅ ጌርድ ደግሞ ጌርድ ሂንሪክስ። በ1811 ናፖሊዮን አገሩን በያዘበት ጊዜ ቋሚ የቤተሰብ ስም ምረጡ ተባሉ፤ ብዙዎች ግን የድሮውን ልማድ ቶሎ አልተዉም። አውሮፕላን ማረፊያ «የልጅሽ ስም ለምን ከአንቺ ተለየ?» ተብላ የምታውቅ ሐበሻ ይህን ለመረዳት ኮርስ አያስፈልጋትም። የበኩር ልጅ በአባቱ አባት ስም ስለሚጠራም፣ ስሙ አንድ ትውልድ እየዘለለ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ሰባት ቤት ሞላሁ።

የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሻይ አለ። ስኒው ውስጥ መጀመሪያ ድንጋይ የመሰለ ስኳር ይገባል፣ ሻይ ይፈስበታል፣ ከዚያ ክሬም ጠብ ይደረግበታል፤ አይማሰልም። ከሦስት ስኒ በፊት መነሳት ነውር ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ላሳደገችኝ ሴት ይህ አዲስ ሕግ አይደለም።

ለሚጀምር ሰው የምለው፦ ለማኅበሮቹም ሆነ ለመጽሐፍ አዘጋጆቹ ስትጽፉ የምታውቁትንና ከየት እንዳገኛችሁት አስቀድሙ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። «ስለ ቤተሰባችን ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» የሚል ደብዳቤ መጨረሻው መሳቢያ ነው። በጀርመን ማዘጋጃ ቤት ያለው መዝገብም የዝምድና ማስረጃ ለሌለው ሰው የሚከፈተው ልደት ከ110 ዓመት፣ ጋብቻ ከ80፣ ሞት ከ30 ዓመት በኋላ ነው።

ሌላው፣ ባዶ እጅ አትሂዱ። መጽሐፎቻቸው ብዙ ቦታ «ወደ አሜሪካ ሄደ» ብለው ያቆማሉ። እነሱም የቀረውን አያውቁትም። እኔ የገጠሩን መቃብር ሐውልቶች ፎቶ አንስቼ፣ የልጆቹን ዝርዝር ጨምሬ ላክሁ። የመንደሯን መጽሐፍ ያዘጋጁት ሰውዬ በሳምንቱ መለሱልኝ፤ የሰውየው ታናሽ እህት አዮዋ እንደገባች ጠፍታባቸዋለች። አሁን እሷን እየፈለግን ነው።