ተጠብቆ ያደገ ልጅ

ዛሬ የእህቴን ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለመሸኘት መናኸሪያ ነበርኩ። የአውቶቡሱ ረዳት ስሙን ሲጠይቀው የመለሰችው እናቱ ናት። ትኬቱም፣ መታወቂያውም፣ ገንዘቡም በእሷ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ልጁ ሊሳፈር ሲል ነው የተቀበላት። 18 ዓመቱ ነው፤ ብቻውን ታክሲ ተሳፍሮ፣ ልብሱን አጥቦ አያውቅም። አሁን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከየክልሉ ከመጡ ልጆች ጋር አንድ ዶርም ሊጋራ ነው።

እህቴን አልወቅሳትም። እኛን ሰፈሩ ሁሉ ነበር ያሳደገን፤ ጎረቤት ይልከናል፣ ይቆጣናል፣ ስንጠፋም ይፈልገናል። እሷ ግን የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ የፊት ለፊት ጎረቤቷን ስም እንኳ አታውቅም። ልጇን ለማን አምና ትልቀቀው?

ደግሞም በፍቅር ተከብቦ ማደግ ልጁን ጠቅሞታል። አይዋሽም፣ ሰው አይንቅም፣ ሲከፋው ይናገራል። ይህ ትልቅ ስንቅ ነው፤ ብዙዎቻችን አላገኘነውም። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፦ ሥራ ታዞ፣ ተሳስቶ፣ ስህተቱን ራሱ አስተካክሎ አያውቅም። ለዚህ ደግሞ መናኸሪያ መድረስ አልነበረበትም፤ ሱቅ ተልኮ መልስ ቆጥሮ መምጣት ይበቃ ነበር።

ታናሽ እህቱ 12 ዓመቷ ነው። ከነገ ጀምሮ ዳቦ የምትገዛው እሷ ትሁን ብዬ እህቴን ለምኛታለሁ። አስብበታለሁ ብላኛለች።