ከዕድር ሰብሳቢነት ወደ ሲያትል ከተማ ምክር ቤት፦ አንድን ሰው የሚያበቃው ምንድን ነው?

የምርጫ ሰሞን በደረሰ ቁጥር በሲያትል ሐበሾች መካከል አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «እገሌ ይህን ሁሉ ዓመት ሕዝብ ሲያገለግል ኖሯል፣ ለምን ለምክር ቤት አይወዳደርም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ከባዱ መልሱ ነው፤ ብዙ ያገለገለ ሰው ሁሉ ለዚያ ወንበር ተዘጋጅቷል ማለት አይደለምና።

ሕጉ ራሱ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ተወዳዳሪው የከተማው ተመዝጋቢ መራጭ መሆን አለበት፤ ይህም ማለት ዜጋና 18 ዓመት የሞላው። በዲስትሪክት፣ ማለትም ከተማው ለምርጫ ከተከፈለባቸው አካባቢዎች በአንዱ፣ የሚወዳደር ከሆነ ደግሞ ዕጩነቱን ከማስመዝገቡ በፊት በዚያው ዲስትሪክት 120 ቀን መኖር አለበት። ዲግሪ አይጠየቅም፤ አሜሪካ መወለድም አይጠየቅም። በሌላ ስቴት የታየ ምሳሌ አለ፤ የጋምቤላው ተወላጅ ኦባላ ኦባላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ዜግነቱን ወስዶ በኅዳር 2020 በሚኒሶታዋ ኦስቲን ከተማ ለምክር ቤት ተመርጧል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮችም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ በመጀመሪያ የማየው ሰውየው ሲያስፈጽም የኖረው ጉዳይ በየትኛው መሥሪያ ቤት እጅ እንዳለ ማወቁን ነው። የሲያትል ምክር ቤት በከተማው በጀት፣ በዞኒንግ (በየትኛው ቦታ ምን እንደሚሠራ በሚወስነው ደንብ)፣ በፓርኮች፣ በመብራትና በውኃ ድርጅቶች ላይ ይወስናል። ትምህርት ቤቶች ግን የራሳቸው የተመረጠ ቦርድ አላቸው። አውቶቡሱ የኪንግ ካውንቲ ነው፤ ባቡሩ የሳውንድ ትራንዚት ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩበት ሲታክ አየር ማረፊያ ደግሞ የፖርት ኦፍ ሲያትል ነው። «ከተመረጥኩ የቤት ኪራይ ጣሪያ አስቀምጣለሁ» የሚል ዕጩ ከመጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የዋሽንግተን ስቴት ከ1981 ጀምሮ ከተሞች የኪራይ ዋጋ እንዳይወስኑ ከልክሏል። በ2025 የወጣው የኪራይ ጭማሪ ገደብም የስቴቱ ሕግ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቅን ቢሆንም ሕዝቡን በማይደርስበት ተስፋ ያደክማል።

ምክር ቤቱ ዘጠኝ ወንበር አለው፤ ሰባቱ የዲስትሪክት፣ ሁለቱ የመላው ከተማ። ተራ ሕግ ለማጽደቅ አምስት ድምፅ ይበቃል። ከንቲባው ውድቅ ያደረገውን ሕግ መልሶ ለማጽደቅ ስድስት፣ የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ለማውጣት ሰባት ያስፈልጋል። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛውን «ስንት ሰዓት አገለገልክ?» ከማለት ይልቅ «ከማይስማሙህ ሰዎች ጋር ተቀምጠህ ምን አስወሰንክ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የታክሲና የኡበር ሾፌሮች ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። በ2015 መጨረሻ ምክር ቤቱ ሾፌሮች በኅብረት እንዲደራደሩ የሚፈቅደውን ሕግ 8 ለ 0 አጸደቀ፤ ከንቲባው ሳይፈርምበት ሕግ ሆነ። ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ብዙ ሾፌሮች ለዚህ ታግለዋል። ቀጥሎ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ። ከተማው በ2020 የራሱን ዝቅተኛ ክፍያ ደነገገ፤ በ2022 ግን ስቴቱ ለሁሉም የሚሆን ሕግ አውጥቶ ሥልጣኑን ከከተሞች እጅ ወሰደው። በዚህ ጉዳይ ላይ የደከመ ሰው አዳራሽ መሙላትን ብቻ ሳይሆን ከድምፁ በኋላ የሚመጣውን ክስና በስቴቱ ዋና ከተማ በኦሊምፒያ ያለውን ሩጫ ጭምር ካወቀ፣ ያ እውነተኛ ብቃት ነው።

ዕድር የመራ ሰው የሚያመጣው ነገርም ቀላል አይደለም። ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ አይወስንም፣ ገንዘብ ያዡን በደረሰኝ ይጠይቃል። በጀት ማለት በትልቁ ይኸው ነው። የሲያትል የ2025 በጀት ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ምክር ቤቱ በአንጻራዊ ነፃነት የሚያዘዋውረው ግን አጠቃላይ ፈንድ የሚባለውን፣ በዚያ ዓመት ወደ 1.9 ቢሊዮን የሚጠጋውን ክፍል ነው። የቀረው አብዛኛው እንደ መብራትና ውኃ ላሉ ለተወሰነ አገልግሎት የታሰረ ነው። ከንቲባው ረቂቁን በመስከረም መጨረሻ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ በኅዳር ይቋጫል። በእነዚያ ስምንት ሳምንታት አንድ ጊዜ እንኳ ረቂቁን ገልጦ «ይህ መስመር ይጨመር፣ ገንዘቡም ከዚህ ይነሳ» ብሎ በጽሑፍ ያቀረበ በጎ ፈቃደኛ፣ በየሳምንቱ ምግብ ሲያድል ከኖረው ይልቅ ለዚህ ወንበር ቀርቧል። ምግብ ማደሉን ማሳነሴ አይደለም። ሥራው ሌላ ነው።

ከበጎ ፈቃድ ሥራ የሚመጡ ልማዶች አንዳንዶቹ ምክር ቤት ሲገባ አደጋ ይሆናሉ። የመጀመሪያው የቡድን ቻት ነው። የዋሽንግተን ክፍት ስብሰባ ሕግ አምስት የምክር ቤት አባላት በዋትስአፕ ስለ ከተማው ጉዳይ ቢመክሩ እንደ ድብቅ ስብሰባ ሊቆጥረው ይችላል። በግል ስልክ የተላከ የሥራ መልእክትም የሕዝብ ሰነድ ነው፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ይህን ወስኗል። ሁሉን ነገር በስልክና በሽምግልና መጨረስ የለመደ ሰው ይህን ከወዲሁ ይልመድ።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ ብዙ ዕጩ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በእኛ ባህል ገንዘብ ሲሰበሰብ ቅርጫት ይዞራል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ማን ስንት እንደሰጠ አይጻፍም። በምርጫ ዘመቻ ይህ አይሆንም። የእያንዳንዱ ሰጪ ስምና አድራሻ ይመዘገባል፣ ገንዘቡ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ባንክ ይገባል። ዕጩው በተነሳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ምዝገባውንና የግል ሀብቱን መግለጫ ለስቴቱ የሕዝብ መግለጫ ኮሚሽን ያስገባል። በጥገኝነት ጥያቄ፣ በቲፒኤስ (በጊዜያዊ ጥበቃ ፈቃድ) ወይም በተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ዘመድ አንድ ዶላር እንኳ መስጠት አይችልም፤ ከአዲስ አበባ የሚላክ ገንዘብም ክልክል ነው። በነፃ ጉልበቱ ማገዝ ግን ይችላል።

ግሪን ካርድ ያለው ግን ይሰጣል፤ ከዚያም በላይ ድምፅ ባይኖረውም ቫውቸር አለው። መራጮች በ2015 ያጸደቁት፣ በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የዴሞክራሲ ቫውቸር ለእያንዳንዱ ብቁ ነዋሪ ለሚደግፈው ዕጩ ዘመቻ የሚሰጣቸው፣ እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሆኑ አራት ወረቀቶች ይሰጣል። ዕጩው ቫውቸር ወደ ገንዘብ ለመቀየር መጀመሪያ ብቁ መሆን አለበት፤ ለዲስትሪክት 150 ፊርማና 150 መዋጮ፣ እያንዳንዱ ቢያንስ 10 ዶላር። ለመላው ከተማ ወንበር 400 ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚሳሳተው በአድራሻ ነው። ኪራዩ እየገፋው ብዙ ሰው ከሲያትል ውጭ ወዳሉት ኬንት፣ ሬንተንና ታክዊላ ሄዷል። የእነርሱ አሥር ዶላር ሕጋዊ መዋጮ ነው፤ ለብቃት ቁጥሩ ግን አይገባም። ስለዚህ 150 አስፈላጊ ከሆነ 220 መሰብሰብ ነው፣ ዝርዝሩን ከማስገባታችሁ በፊትም አድራሻውን አንድ በአንድ ማጣራት። እማማ እንዳይደክሙ ብሎ ልጅ የሚፈርምላቸው ቫውቸር አይሠራም፤ በሕግም ያስጠይቃል።

የምዝገባው ክፍያ የወንበሩ ዓመታዊ ደመወዝ 1 በመቶ ነው፤ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። አቅም የሌለው ለእያንዳንዱ ዶላር አንድ የመራጭ ፊርማ ያስገባል።

ከፌዴራል ግብር ነፃ የሆኑ የኮሙኒቲ ማኅበሮቻችንም ይጠንቀቁ። ከ1954 ጀምሮ ዕጩን መደገፍም ሆነ መቃወም ተከልክለዋል። አዳራሹን ለአንዱ በነፃ መስጠት፣ የአባላቱን የስልክ ዝርዝር ማቀበል ድጋፍ ነው። ለሁሉም ዕጩዎች እኩል መድረክ ማዘጋጀት ግን ይፈቀዳል። ዕጩው ራሱ የማኅበሩ ሊቀመንበር ከሆነ፣ ለዘመቻው ጊዜ ከኃላፊነቱ ገለል ቢል ለሁለቱም ይበጃል።

ሌላም መንገድ አለ። አንድ ወንበር በመሃል ሲለቀቅ ምክር ቤቱ ራሱ በ20 ቀን ውስጥ ተተኪ ይሾማል። የራኒየር ቫሊና የቢከን ሂል ሠፈሮችን የሚያካትተው ዲስትሪክት 2 በጥር 2025 የተሞላው እንዲህ ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ከባዶ የሚጀምር አይደርስም። ማመልከቻ ደብዳቤው፣ የሥራ ታሪኩና የሀብት መግለጫው ቀድሞ የተዘጋጀ፣ በከተማው ኮሚሽኖች በአንዱ ያገለገለና ቃለ ጉባኤውን ማሳየት የሚችል ሰው ግን ይደርሳል።

የዲስትሪክት ወንበሮች ቀጣዩ ምርጫ በ2027 ነው። በ2022 መራጮች ባጸደቁት መሠረት በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ዙር ድምፅ በምርጫ ቅደም ተከተል ይሰጣል፤ መራጩ ዕጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ይደረድራል፤ ስለዚህ የሌላ ዕጩ ደጋፊ ቤት ሄዶ «ሁለተኛ አድርጉኝ» ማለት ዋጋ አለው። ድምፁ በፖስታ ነው፤ በፖስታው ላይ ያለው ፊርማ ከተመዘገበው ጋር ካልተመሳሰለ ድምፁ ሳይቆጠር ይቆያል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ በእንግሊዝኛ ፈርመው በድምፅ ፖስታው ላይ በአማርኛ የሚፈርሙ አባቶችና እናቶች አሉ። ካውንቲው ደብዳቤ ሲልክላቸው አስተካክለው መመለስ ይችላሉ፤ ደብዳቤው ግን ሳይነበብ እንዳይቀር በየቤቱ የሚያስታውስ ሰው መመደብ ያስፈልጋል።