ሂንድ ሞተር የሚባል ባቡር ጣቢያ

ህንድ፣ ኮልካታ ውስጥ ቢጫ ታክሲ ያዝኩ። ድብልብል ያለች፣ ግንባሯ ሰፊ፣ አምባሳደር የምትባል የህንድ መኪና ናት። ሹፌሩን እንደ አገሬው «ዳዳ» አልኩት፤ ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው። ሃውራ ጣቢያ አድርሰኝ፣ መኪናህ የተወለደችበትን ፋብሪካ ልጎበኝ ነው ስለው ሳቀብኝ። «ተዘግቷል እኮ!»

ከሃውራ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሰው በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኡታርፓራ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ሰሌዳ «ሂንድ ሞተር» ይላል። ጣቢያው የተሰየመው በፋብሪካው ነው።

የፋብሪካውን ባለቤት ሂንዱስታን ሞተርስን በ1942 ያቋቋሙት ቢርላዎች የሚባሉ የህንድ ነጋዴ ቤተሰብ ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። መጀመሪያ በምዕራብ ህንድ፣ ጉጃራት፣ ኦካ ወደብ ላይ መኪና ይገጣጥሙ ነበር። በ1948 ወደዚህ መጡ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መገጣጠም ብዙም አያስቸግርም፤ ሳጥን ከፍቶ ብሎን ማጥበቅ ነው። አዲሱ የህንድ መንግሥት ግን በዚህ አልረካም። በ1949 ተሠርታ ያለቀች መኪና ከውጭ እንዳትገባ ከለከለ። በ1953 ደግሞ ዕቃውን እዚሁ የማምረት ዕቅድ የሌለው ገጣጣሚ ይውጣ አለ። ጄኔራል ሞተርስና ፎርድ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የቀሩት የግዳቸውን ሙያውን መማር ያዙ። ሂንዱስታን የእንግሊዙን ሞሪስ ኦክስፎርድ ወሰደና አምባሳደር አላት። ብረት ማቅለጫው፣ ቆርቆሮ መቅረጫው፣ የሞተር ክፍሉ፣ ሁሉም በአንድ ግቢ ውስጥ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ጀግንነት ነው። ችግሩ፣ መንግሥት በሩን ዘግቶ ረሳው። ማን ስንት መኪና እንደሚያመርት የሚወሰነው በፈቃድ ነበር። ገዢው ተመዝግቦ ለዓመታት ይጠብቃል። ደጁ ላይ ወረፋ ያለው ሰው ደግሞ ምን አስጨንቆት ያሻሽላል? አምባሳደር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መልኳ እምብዛም ሳይለወጥ ኖረች። በ1983 የመንግሥት ኩባንያ የነበረው ማሩቲ ከጃፓኑ ሱዙኪ ጋር ሆኖ ትንሿን ማሩቲ 800 ሲያወጣ ግን ገበያው ፊቱን አዞረባት። በ2014 ምርቱ ቆመ።

በሩ ጋ ደረስኩ። ተቆልፏል። በአጥሩ አሻግሬ ያየሁት ሣርና የዛገ ጣሪያ ብቻ ነው። ዘበኛው መግባት እንደማይቻል በእጁ አሳየኝ። አልተከራከርኩም።

ሃውራ ስመለስ አዳዲስ ነጫጭ መኪኖች ተሰልፈዋል። አልፌያቸው ቢጫዋን ፍለጋ ቆምኩ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ታክሲ ከመንገድ ስለሚወጣ እየተመናመነች ነው። ሃያ ደቂቃ ጠበቅኳት።