ባዶ ሆኖ ያገኘሁት ኢንቦክስ

ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ነው። ደሴ ጭጋግ ለብሳለች፣ የጦሳ ተራራ ከነጭራሹ አይታይም። ቤት ኮምፒውተሬ ላይ ኢሜይል እያየሁ ሳለ የኢሜይል ፕሮግራሜ ተንደርበርድ አንድ ጥያቄ አወጣ። ፎልደሮቹን ጠቅጥቄ ቦታ ላስለቅቅ ወይ ይላል። እሺ አልኩት። ግማሽ ሳይደርስ መብራት ሄደ።

መብራቱ የመጣው በማግስቱ ነው። ስከፍተው ኢንቦክሱ ባዶ ነው። አንድም መልእክት የለም።

እዚያ ውስጥ የነበረው የአጎቴ ደብዳቤ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር፣ ጅዳ የኖረ። ከ1997 ጀምሮ እስካረፈበት እስከ 2009 ድረስ በእኔ አድራሻ ለእናቴ ይጽፍላት ነበር። መጀመሪያ አካባቢ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው። ኋላ መጻፊያ ሲያገኝ በፊደላችን ሆነ። እሁድ እሁድ ቡናው ተፈልቶ አቦል ሲቀዳ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ካረፈ በኋላም የቆዩትን እየመረጠች ታስነብበኛለች። "ያችን የሐይቋን አንብብልኝ" ትለኛለች። በልጅነታቸው ሐይቅ ሄደው ዓሣ ሲጠበስ ያዩበትን ቀን የጻፈባት ናት።

ሰርቨር ላይ፣ ማለትም የኢሜይል አቅራቢው ኮምፒውተር ላይ፣ ቅጂ አልነበረም። አካውንቱ የተከፈተው ኢንተርኔት በደቂቃ በሚከፈልበት ጊዜ ነው፣ ፖፕ በሚባለው የመቀበያ መንገድ። ፖፕ መልእክቱን ወደ ቤትህ ያወርድና፣ "ሰርቨር ላይ ተወው" ካላልከው ከዚያ ያጠፋው ነበር። ያኔ ይህ ትክክል ነበር። አንዴ አውርደህ፣ መስመሩን ዘግተህ፣ ተረጋግተህ ታነባለህ። ግን ያን ሁሉ ዓመት የዚያ ሰው ደብዳቤ በዓለም ላይ ያለው እኔ ጠረጴዛ ሥር ብቻ መሆኑ አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም።

ለእናቴ ስነግራት ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ "አብሽር፣ ይገኛል" አለችኝ።

ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ ከፈት አድርጎ አየና "ፎርማት ይደረግና አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበት፣ ዳታህን አስቀምጥልሃለሁ" አለ። እኛ ጋ ለሁሉም በሽታ የሚታዘዘው መድኃኒት ይሄ ነው። "ዳታ" ሲል ደግሞ ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ላይ ያለውን ማለቱ ነው። የተንደርበርድ ደብዳቤ እዚያ አይቀመጥም። አመስግኜው ይዤው ተመለስኩ። ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ ሥራ ያ መመለስ ነው ብዬ አምናለሁ። ኢሜይል ጠፋ ብለን ስንደናገጥ በቁሙ የምንገድለው ራሳችን ነን።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ነቀልኩ። ዊንዶውስ ላይ ተንደርበርድ ሁሉን ነገር የሚያስቀምጠው አፕዳታ በሚባል ድብቅ ፎልደር ውስጥ ነው። የተደበቁትን አሳይ ብለህ፣ ሮሚንግ፣ ተንደርበርድ፣ ፕሮፋይልስ እያልክ ትገባለህ። ከጎረቤት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተውሼ ፎልደሩን እንዳለ ገለበጥኩት። ከዚያ በፊት ምንም ለመጠገን አልሞከርኩም።

ቀጥዬ ውስጡን አየሁ። ኢንቦክስ የሚል ስም ያለው ፋይል ሁለት ነው። የአንደኛው መጨረሻ ኤምኤስኤፍ ይላል፣ ትንሽዬ ናት። ሌላው ስሙ ኢንቦክስ ብቻ ነው፣ ምንም ቅጥያ የለውም። መጠኑን ሳይ 400 ሜጋ ግድም ይላል። ባዶ ነገር 400 ሜጋ አይመዝንም! ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ደብዳቤዎቹ ሁሉ ተከታትለው የሚጻፉት በዚያ በትልቁ ፋይል ነው። ኤምኤስኤፉ ማውጫ ብቻ ነው፣ የተበላሸውም እሱ ነው። ተንደርበርድን ዘግቼ ማውጫውን አጠፋሁት፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት ፋይሉን አንብቦ አዲስ ማውጫ ይሠራል። ከፈትኩት። ደብዳቤዎቹ ከላይ እስከ ታች ተደረደሩ።

የሐይቋ ግን የለችም። የ2003 ዓ.ም. ደብዳቤዎች በሙሉ የሉም።

ከወራት በፊት ማስታወቂያ ሳጸዳ አብሬ እንዳጠፋኋቸው ገባኝ። ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አድርጌዋለሁ። ሆኖም ተንደርበርድ መልእክት ሲጠፋ ወዲያው ከፋይሉ አይፍቀውም፣ "ጠፍቷል" ብሎ ምልክት ብቻ ያደርግበታል። የሚፈቀው ፎልደሩ ሲጠቀጠቅ ነው። መብራቱ ደግሞ የሄደው ጥቅጠቃው ሳያልቅ ነው። ፕሮግራሙ አዲሱን ፋይል በጎን እየጻፈ ነበር፣ አሮጌው እንዳለ ቀርቷል። ሌሊቱን ሙሉ ስረግመው ያደርኩት መብራት ደብዳቤዎቹን አትርፎልኛል።

ፋይሉን ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በሚባል የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቼ "ሐይቅ" ብዬ ፈለግኩ። ምንም። ልቤ ወረደ። ቆይቶ እንደገባኝ፣ በፊደላችን የተጻፈ ኢሜይል ብዙ ጊዜ ለመንገድ ሲባል በላቲን ፊደልና በቁጥር ተቀይሮ ነው የሚቀመጠው፣ በዓይን ብታየው ትርጉም የለሽ ድርድር ነው። የላኪው አድራሻ ግን አይቀየርም። በአጎቴ አድራሻ ስፈልግ አንድ በአንድ ወጡ። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ አናት ላይ ኤክስ-ሞዚላ-ስታተስ የሚል መስመር አለ። ያሉት ላይ 0001 ይላል፣ ተነቧል ማለት ነው። የጠፉት ላይ 0009 ነው። 1 መነበቡ፣ 8 መጥፋቱ። 9ኙን እያጠፋሁ 1 ጻፍኩበት፣ ሌላ ፊደል ሳልነካ። 41 ደብዳቤ ነበር። ሴቭ አደረግኩ፣ ማውጫውን ደግሜ አጠፋሁ፣ ከፈትኩ።

"እማ፣ ነይ እስኪ" አልኳት።

ፋይሉ ራሱ ከዲስኩ ተሰርዞ ቢሆን መንገዱ ሌላ ነው። ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ የሚባል የተሰረዘ ፋይል መፈለጊያ ፕሮግራም ይሞከራል፣ ግን ፕሮግራሙም ሆነ የተገኘው ፋይል እዚያው ዲስክ ላይ መጻፍ የለበትም፣ የምትፈልገው ላይ ይጽፍበታል። ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ተስፋው ቀጭን ነው፣ የተሰረዘውን ቶሎ ያጸዳዋል።

ከዚያ በኋላ አካውንቱን አይማፕ ወደሚባለው መንገድ ቀይሬ የቆዩትን ደብዳቤዎች ወደ ሰርቨሩ ገለበጥኩ፣ ዋናው እዚያ እንዲቀመጥ። ያንን ብቻ ግን አላመንኩም። የአጎቴን ደብዳቤዎች ለየብቻ አውጥቼ በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩ። አንዱ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ሄደ፣ አንዱ እናቴ ጋ ቀረ። እነዚህ ፍላሾች ፎቶ ኮፒ ቤት አይገቡም፣ የሰው ማሽን ላይ አይሰኩም። በፍላሽ የሚተላለፈው ሾርትከት ቫይረስ እኛ አገር ስንት ሰው እንዳስለቀሰ አውቃለሁ።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስ ከደሴ ወጣን። ኮምፒውተር የሚሸከም ማንም አልነበረም። ፍላሿ በእናቴ መቀነት ተቋጥራ ወጣች። ተመልሰን ስንገባ ኮምፒውተሩ የለም። የአክስቴ ቤት ፍላሽም የለችም። ኔትወርኩም ገና አልተመለሰም፣ ስለዚህ ሰርቨር ላይ ያለው ቅጂ መኖሩን እያወቅን ልንደርስበት አልቻልንም። ኢንተርኔት ላይ ካለ በቂ ነው ለሚሉኝ ሰዎች ይህንን ነው የምነግራቸው።

አሁን ሌላ ኮምፒውተር አለኝ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስም ገዛሁለት። ፍላሽ ሳይነካ ብዙ ዓመት ሲቆይ ስለማላምነው በዓመት ሁለቴ፣ መስከረምና መጋቢት ላይ፣ ወደ አዲስ ፍላሽ እገለብጣለሁ። ገልብጬ ብቻ አልተውም፣ ካገኘሁት ቦታ ከፍቼ አነባለሁ። እናቴ መቀነቷን ትፈታና ፍላሿን ትሰጠኛለች። እስክጨርስ አጠገቤ ትቀመጣለች። ስመልስላት መጀመሪያ "የሐይቋ አለች?" ትለኛለች፣ ከዚያ መልሳ ትቋጥራታለች።