ደሴ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ፎልደር ነው። ዕቅድ ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ለደሴና ለኮምቦልቻ የሳይንስ መምህራን ሥልጠና እንድሰጥ ስጠየቅ ፓወርፖይንቱን ተውኩት። ቡታጋዝ፣ ድስት፣ ቴርሞሜትርና ባዶ ሃይላንዶች ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ ውሃ አፈላን። ከዚያ በፊት ግን ሁሉም ግምቱን ወረቀት ላይ ጻፈ። ሁሉም 100 አሉ። ውሃው ተንተከተከ፤ ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ደርሶ ወይ ፍንክች! አንድ አንጋፋ የኬሚስትሪ መምህር "ልጄ፣ ይቺ ዕቃህ ሳትበላሽ አልቀረችም" አሉኝ። ሌላ አመጣን። ያው ነው።

ለአሠልጣኝ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ዝም ማለት ነው። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥ አደረግኩት። ያወጣችው አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ናት፦ "ባቲ እናቴ ቤት ሽምብራ ቶሎ ይበስላል። እዚህ ግን ስጥደው ነው የምውለው።" ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ባቲ ዝቅ ያለች ናት፤ ደሴ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ውሃው ቢፈላም ሙቀቱ 100 ስለማይደርስ፣ ሽምብራው ይዘገያል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብለን ከደሴ ዝቅ ላለችው ለኮምቦልቻ አሰላን፤ 94 ገደማ መጣ። የኮምቦልቻዎቹ ትምህርት ቤታቸው ለክተው ደወሉ። ልክ ነው።

ሃይላንዶቹን ደሴ ላይ ጥብቅ አድርገው ዘግተው ነበር የወሰዷቸው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ የጠርሙሶቹ ጎን ገባ ብሏል። የአየር ግፊትን ከዚህ በረከሰ ዋጋ የሚያሳይ ቤተ ሙከራ አላውቅም።

ከእንግዲህ ግምት ሳላስጽፍ ሙከራ አላስጀምርም። ቀድሞ የጻፈ ሰው ልኬቱን ዝም ብሎ አያልፈውም፤ ይሟገታል። ዕቃውም መምህሩ ነገ ክፍሉ ውስጥ የሚያገኘው መሆን አለበት። ውድ መሣሪያ ካሳየሁት አድንቆ ይሄዳል፣ በቃ። (ለፎልደሩም ሪፖርት ጽፌያለሁ፤ አይቀርማ።)

ያልጠበቅኩት ጥያቄ ከአንጋፋው መምህር መጣ፦ "ተማሪ ፈተና ላይ 92 ብሎ ቢመልስ ኤክስ ላድርግበት?" ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ተከራከርን። በመጨረሻ ጥያቄውን እናስተካክል ተባባልን፦ "ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ደሴስ?"