ከአይጥ መዳፍ እስከ ሰው እግር

በነርስነት የምከታተላቸው አንዲት እናት አሉ፤ የስኳር ሕመም የእግራቸውን ነርቭ ጎድቶታል። ሌሊት አንሶላው ሲነካቸው እንኳ «ልጄ፣ ፍም የረገጥኩ ያህል ነው» ይሉኛል።

በቤተ ሙከራ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚለካው ቀጭን የናይሎን ክር የአይጥን መዳፍ ሲነካ እግሯን መሰብሰቧን በማየት ነው። እኚያን እናት ማንም ሳይነካቸው እንቅልፍ የሚነሳቸውን ማቃጠል ይህ ክር አይነግረንም። አይጥን ያሻለ ብዙ መድኃኒት ሰው ላይ ሲደርስ የሚከሽፈው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 የወጣ አንድ ጥናት መነሻው በፍም ላይ እየተራመደ፣ ክንዱን በቢላዋ እየወጋ ትርኢት የሚያሳይ ፓኪስታናዊ ልጅ ነበር። ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ከጣሪያ ዘሎ ሞተ። ሕመም የማይሰማቸው ዘመዶቹ ሲመረመሩ ናቭ 1.7 የተባለው፣ ሶዲየም እያስገባ የሕመም መልእክት እንዲተላለፍ የሚረዳ የነርቭ በር እንደማይሠራላቸው ታወቀ። ኩባንያዎች ያንን በር ለመዝጋት ተሽቀዳደሙ፤ በሕሙማን ላይ ግን ውጤቱ አሳዛኝ ሆነ።

የዚያ በር የቅርብ አምሳያ የሆነውን ናቭ 1.8ን የሚዘጋው ሱዜትሪጂን የተባለ መድኃኒት በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ለአጣዳፊ ሕመም ተፈቀደ። ከኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሞርፊን ካሉ ሱስ ሊያስይዙ ከሚችሉ ማስታገሻዎች፣ ወገን አለመሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ከልብ ደስ ብሎኛል። ወደ እግር በሚወርድ የቆየ የነርቭ ሕመም ላይ ሲሞከር ግን መድኃኒት ከሌለበት የማስመሰያ ክኒን የተሻለ አልሆነም። አሁን አንዳንድ ተመራማሪዎች ከለጋሾች በተገኘ የሰው ነርቭ ሕዋስ ላይ እየሠሩ ነው። ገንዘቡ ወደዚያ ይፍሰስ እላለሁ፤ መድኃኒት ሲሞከርም ሕሙማኑ ስለ እንቅልፋቸው ይጠየቁ።